በረራው ከቆመ እስሩ ለምን?

አንድ አገር የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን የውጭ ዜጋ ይዞ ማቆያ ሲያስገባ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው። «ወደ አገሩ ልመልሰው ነው» ይላል። ሰውዬው ነፍስ አላጠፋም። አልሰረቀም። ዳኛ ፊት ቀርቦ ይህን ያህል ዓመት ታሰር አልተባለም። የተያዘው ወረቀቱ እስኪሟላና አውሮፕላኑ እስኪነሳ ነው። እንግዲህ አውሮፕላኑ የማይነሳ ከሆነስ?

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ይህን ጥያቄ ከሕግ መጻሕፍት አውጥቶ በጂዛንና በሹሜይሲ እስር ቤቶች ወለል ላይ አስቀመጠው። ድንበር ተዘጋ፣ መደበኛ በረራ ቆመ፣ ሰዎችን ለማሰር የተሰጠው ምክንያት ተነነ። እስሩ ግን ቀጠለ። በዚያ እስር ውስጥ ከቆዩት መካከል በሺዎች የሚቆጠሩት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

«ያለፈ ነገር ነው፤ አሁን ማንሳቱ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። የሚጠቅመው ለሚመጣው ነው። የስደቱ መንገድ አልተዘጋም፣ ማቆያዎቹ አልፈረሱም፣ ሌላ ወረርሽኝ አይመጣም ብሎ የፈረመም የለም። በዚያን ጊዜ የተሠራው ስህተት በስሙ ካልተጠራ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደ ልምድ ተቆጥሮ ይደገማል።

◆ መግቢያው ክፍት፣ መውጫው ዝግ

ኢትዮጵያውያን ወደ ሳውዲ አረቢያ የሚሄዱት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በቪዛና በሥራ ውል በአውሮፕላን ነው። ሌላው ከጅቡቲ ኦቦክ ወይም ከሶማሊያ ቦሳሶ በጀልባ ተሻግሮ፣ በጦርነት የምትታመሰውን የመንን በእግርና በጭነት መኪና አቋርጦ፣ በሰዓዳ ተራሮች በኩል ጂዛን የሚገባው ነው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) እንደቆጠረው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የተሻገሩት ከ138,000 በላይ ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ከሳውዲ ተጠርዞ መመለስም አዲስ ነገር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በተከፈተው ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ዜጎች ተመልሰዋል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ሳውዲ ሌላ የምሕረት ጊዜ አውጃ፣ ያ ሲያልቅ አፈሳውን ቀጠለች። በአይኦኤም ቁጥር መሠረት ከዚያ ዓመት ግንቦት ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. መጋቢት ድረስ ወደ 260,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ሲካፈል በወር ከ10,000 በላይ ሰው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አንድ ነገር እስካልተቋረጠ ድረስ ነበር፤ በረራው። ማቆያዎቹ በአንድ በር እያስገቡ በሌላው የሚያስወጡ ነበሩ። ያኔም ቢሆን ምቹ አልነበሩም፤ ከወጣ የሚያመሰግን እንጂ የሚያሞግሳቸው የለም። ቢሆንም ሰው ይገባል፣ ይቆያል፣ ይወጣል። መውጫው ተዘግቶ መግቢያው ክፍት ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ለማወቅ ግን ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ለ50 ሰው የተሠራ ክፍል 100 ይይዛል፤ ቀጥሎ 200። ከዚያ በኋላ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ርቀት መጠበቅ ማውራት ቀልድ ነው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. መውጫው ጠበበ፤ ሳውዲ ዓለም አቀፍ የመንገደኞች በረራን አቆመች። በሚያዝያ ደግሞ በሌላኛው በኩል መግቢያው በኃይል ተበረገደ። ሰሜን የመንን የሚቆጣጠሩት ሁቲዎች ስደተኞቹን «የኮሮና ተሸካሚዎች» ብለው ከሰዓዳ አስወጧቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ እንደሰፈረው፣ ሁቲዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ወደ ሳውዲ ድንበር ሲነዱ በአሥሮች የሚቆጠሩትን ገደሉ። ከወዲያ ማዶ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በሸሹት ላይ ተኩሰው ተጨማሪ አሥሮችን ገደሉ። ከሁለቱም ተኩስ የተረፉት ወደ ማቆያ ተወሰዱ፤ ብዙዎቹም ወደ ጂዛን ማዕከላዊ እስር ቤት ተላለፉ።

በሽታን ምክንያት አድርጎ ከአንድ አገር የተባረረ ሰው፣ በሽታ ሊስፋፋበት በሚችለው እጅግ አመቺ ቦታ ተከማቸ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያየው ታሳሪዎቹ በደበቋቸው ስልኮች ነው። የእንግሊዙ ሰንደይ ቴሌግራፍ ነሐሴ 24 ቀን ያወጣቸው ፎቶዎች ሸሚዛቸውን ያወለቁ፣ በሙቀት የዛሉ፣ ወለሉን ሞልተው የተደረደሩ ወጣቶችን አሳዩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል መስከረም 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ታሳሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው በሰንሰለት ይታሰሩ እንደነበር፣ በክፍሎቹ ውስጥም ሰዎች ሞተው እንደነበር ከምስክሮች ሰምቶ ጻፈ። ዘገባው ርዕሱን የወሰደው ከታሳሪዎቹ አንደበት ነው፤ «ይህ ከኮቪድ የባሰ ነው» የሚል።

ይህን ቃል በጥሞና መስማት ይገባል። ዓለም ሁሉ ከበሽታው ሲሸሽ፣ እነዚህ ሰዎች የሸሹት ከበሽታው አልነበረም። «ለሕዝብ ጤና ሲባል» ከተያዙበት ቦታ ነበር።

◆ ቫይረስ ኢቃማ አይጠይቅም

ነገሩን የበለጠ የሚያስቆጨው የሳውዲ መንግሥት መፍትሔውን የማያውቅ አለመሆኑ ነው። መጋቢት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጉሥ ሰልማን የኮሮና ሕክምና በመንግሥቱ ግዛት ለሚኖር ሁሉ በነጻ እንዲሰጥ አዘዙ። ትእዛዙ ዜጋውንም፣ ነዋሪውንም፣ የመኖሪያ ሕግ የጣሰውንም የሚያካትት እንደሆነ የጤና ሚኒስትሩ በግልጽ ተናገሩ። ከዚያ በፊት መጋቢት 17 ቀን የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ከኢሚግሬሽንና ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር በተያያዘ የተያዙ 250 የውጭ ዜጎች ከወረርሽኙ የተነሳ መለቀቃቸውን አስታወቀ።

ሁለቱም ውሳኔዎች ትክክል ነበሩ። ከጀርባቸው ያለው ሒሳብም ቀላል ነው። ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ፖሊስን ፈርቶ ሐኪም ቤት ካልሄደ፣ ሲያስል ይደበቃል። የተደበቀው ሰው አብሮት የሚኖረውን ያስይዛል፤ እሱም ቤቷን የሚያጸዳላትን እመቤት፣ መኪናውን የሚያጥብለትን ጌታ ያስይዛል። ቫይረስ ኢቃማ አይጠይቅም። ሪያድ ይህን ስለተረዳች ነው «ኑ፣ ታከሙ» ያለችው።

ታዲያ ያው ሒሳብ የጂዛን አጥር ጋ ሲደርስ ለምን ቆመ? 250 ሰዎችን መልቀቅ ትክክል ከሆነ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን በአንድ ጣሪያ ሥር ማጨቅ እንዴት ትክክል ይሆናል? በከተማ ያለው ሕገ ወጥ ነዋሪ «ለሁላችንም ጤና ሲባል» በነጻ ሲታከም፣ በእስር ያለው ያው ሰው ሳሙናና ንጹህ ውኃ የሚያጣበት አመክንዮ የለም። ልዩነቱ አንድ ነው። ከተማ ያለው ሰው ቢታመም በሽታው ለጎረቤት ይተርፋል፤ እስር ቤት ያለው ሰው ቢታመም በሽታው እዚያው ይቀራል ተብሎ ታስቦ ነው።

◆ አጥር በሽታን አያግድም

ይህ እሳቤ ደግሞ ስህተት ነው። ጠባቂው ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምግብ አቅራቢው ይገባል፣ ይወጣል። አዲስ የተያዘ ሰው በየቀኑ ይመጣል። ቦታ ሲጠብ ደግሞ ታሳሪዎች ከአንዱ ማቆያ ወደ ሌላው ይዛወራሉ፤ በሽታውም አብሯቸው ይሳፈራል።

ለዚህ ማስረጃ ለማግኘት ሳውዲ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ጥቂት ሰዓት የምትርቀው የቨርጂኒያዋ ፋርምቪል ትበቃለች። በዚያች ከተማ ያለው የስደተኞች ማቆያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ከአሪዞናና ከፍሎሪዳ በአውሮፕላን የመጡ ታሳሪዎችን ተቀበለ። ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ300 በላይ ታሳሪዎች ተያዙ። ይህ በዚያ ከነበሩት ሰዎች እጅግ የሚበዛው ቁጥር ነው፤ የሞተም አለ። በማዛወሩ ውሳኔ ጊዜ የአሜሪካ የጤና ባለሙያዎች ስለ ቫይረሱ በቂ እውቀት ነበራቸው። የጎደለው እውቀት ሳይሆን የታሳሪ ጤና በውሳኔው ሚዛን ላይ ክብደት ማጣቱ ነው።

ሳይዘጋጁ ማባረርም ያው ነው። በዚያው ሚያዝያ ጓቲማላ ከአሜሪካ ተጠርዘው በመጡ መንገደኞች ላይ በብዛት ቫይረሱ ስለተገኘ በረራዎቹን ለጊዜው አገደች። በኢትዮጵያም የሆነው ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገኘ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሳውዲ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዜጎችን በልዩ በረራ አዲስ አበባ አራገፈች። በኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች አስተባባሪ የነበሩት ካትሪን ሶዚ ያልታቀደ የብዙ ሰው እንቅስቃሴ ሥርጭቱን እንደሚያባብስ ገልጸው፣ መመለሱ ለጊዜው እንዲቆም ጠየቁ። ጥያቄው ምክንያታዊ ነበር።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ማባረሩ ሲዘገይ ሁለት መንገድ ብቻ ያለ መሰለ፤ ወይ መጫን፣ ወይ ማሰር። ሦስተኛው መንገድ ማለትም መልቀቅ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ግን ነበረ፤ ሌሎች አገሮች በተግባር አሳይተውታል።

◆ ሦስተኛው መንገድ

ስፔን ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች እስኪመለሱ ድረስ የምታቆይባቸው ማዕከላት አሏት፤ በሕጓ መሠረት አንድ ሰው ከ60 ቀን በላይ ሊቆይባቸው አይችልም። ወረርሽኙ ሲመጣ ስፔን ራሷ በአውሮፓ ክፉኛ ከተመቱት አገሮች አንዷ ነበረች። ባለሥልጣናቷ ግን ቀላሉን ጥያቄ ጠየቁ፤ ድንበሩ ተዘግቶ ሰዎቹን በ60 ቀን ውስጥ መመለስ ካልተቻለ የተያዙት ለምንድን ነው? መልስ ስላልተገኘለት መልቀቅ ጀመሩ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ማዕከላቱ በሙሉ ባዶ ሆኑ። ማረፊያ ለሌላቸው በረድኤት ድርጅቶች በኩል መጠለያ ተፈለገ። በመስከረም ማዕከላቱ እንደገና ቢከፈቱም፣ በእነዚያ ክፉ ወራት አገሪቱ አልፈረሰችም።

ፖርቱጋል በሌላ በር ሄደች። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ያላቸውን የውጭ ዜጎች፣ ውሳኔ ባያገኙም፣ ለተወሰኑ ወራት እንደ ሕጋዊ ነዋሪ ቆጥራ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት እንዲያገኙ አደረገች። ዘላቂ ፈቃድ አልሰጠችም። ጊዜ ብቻ ሰጠች።

ከእነዚህ እርምጃዎች ጀርባ የቆየ የሕግ መርህ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የመመለስ መመሪያ አንቀጽ 15፣ ሰውን የመመለስ ምክንያታዊ ተስፋ ሲጠፋ እስሩ መሠረት እንደሚያጣና ሰውዬው ወዲያውኑ መለቀቅ እንዳለበት ይደነግጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2001 በዛድቪዳስ መዝገብ በሰጠው ውሳኔ፣ የመባረር ትእዛዝ የተሰጠበትን ሰው መመለስ በቅርብ የማይቻል ከሆነ ላልተወሰነ ጊዜ ማሰር እንደማይገባ ወስኗል። መርሁ ለባለሙያ ብቻ የሚገባ ረቂቅ ነገር አይደለም። ለጉዞ ብለህ ያሰርከውን ሰው፣ ጉዞ ከሌለ ፍታው፤ ይኸው ነው።

መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት፣ አይኦኤም፣ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በጋራ ያወጡት መግለጫም ይህንኑ ብሏል። ሕፃናትና ቤተሰቦቻቸው፣ በቂ የሕግ መሠረት ሳይኖር የተያዙም በአስቸኳይ ይለቀቁ የሚል ነበር። የመብት ተቋማትና የጤና ተቋማት ሁልጊዜ በአንድ ቋንቋ አይናገሩም። በዚህ ጉዳይ ግን ተናገሩ።

◆ የሚነሱ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሉዓላዊነት ነው። «እያንዳንዱ አገር ያለ ፈቃድ የገባበትን የማስወጣት መብት አለው» ይባላል። አለው። ማስወጣትና ማከማቸት ግን ይለያያሉ። ማስወጣት ያልቻለ መንግሥት የማስወጣት መብቱን አያጣም፤ ያዘገየዋል እንጂ። እስኪችል ድረስ መዝግቦ፣ አድራሻ ይዞ፣ የጊዜ ገደብ ያለው ወረቀት ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል።

ሁለተኛው «መልቀቅ ሌሎችን ይጋብዛል» የሚለው ነው። ይህ በሰላሙ ጊዜ ክብደት ሊኖረው ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ግን መንገዱ ራሱ ተዘግቶ ነበር። አይኦኤም እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ የመን ሲገቡ የመዘገባቸው 37,500 ገደማ ናቸው፤ ከቀደመው ዓመት ከሦስት እጅ አንድ እጅ በታች። ሰዎቹን ያስቀረው የጂዛን እስር ቤት ወሬ አልነበረም። ድንበርና ባሕር ናቸው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። «የተለቀቀው ሰው የት ያድራል? ሥራ በጠፋበት፣ ሰዓት እላፊ በታወጀበት ከተማ መንገድ ላይ መጣል ደግነት ነውን?» ይባላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በተለይ በእግሩ ድንበር አቋርጦ በዚያው የተያዘ ወጣት በሳውዲ ዘመድም አሠሪም ላይኖረው ይችላል። የዚህ መልስ ግን እስር አይደለም፤ መጠለያ ነው። በመጠለያና በእስር ቤት መካከል ያለው ልዩነት ሰንሰለት፣ የተዘጋ በርና የሰው ብዛት ነው። ውኃ፣ ሐኪምና ሰው የሚተኛበት ክፍተት ያለው ጊዜያዊ ማረፊያ ለማዘጋጀት፣ በየዓመቱ የዓለምን ሐጃጆች በሚና ድንኳኖች የምታስተናግድ አገር አቅም አያንሳትም። በዚያ ዓመት ሐጁ በጥቂት ሰዎች ብቻ ስለተወሰነ፣ ድንኳኖቹም ባዶ ነበሩ።

የሚጠነቀቁበት ነገርም አለ። ቁጥር መቀነሱ ብቻውን ፍትሕ አይደለም። በአሜሪካ የስደተኛ ታሳሪዎች ቁጥር በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ከነበረበት ወደ 38,000 ገደማ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ15,000 በታች ወርዷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በጤና ሕግ ስም የወጣው «ታይትል 42» የተባለው ትእዛዝ ሰዎችን ከድንበር ወዲያውኑ መመለሱ ነው። የጥገኝነት ጥያቄያቸው እንኳ አልተሰማም። ትእዛዙ ከክትባት በኋላ፣ ገበያና ትምህርት ቤት ከተከፈቱም በኋላ ቀጥሎ እስከ ግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ዘልቋል። የጤና አዋጅ በስደተኛ ላይ ሲሆን መጨረሻውን የሚያስታውሰው የለም። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል።

◆ የአዲስ አበባ ድርሻ

ሳውዲንና ሁቲዎችን ወቅሶ ማለፍ ይቀላል። ኢትዮጵያም ግን ድርሻ ነበራት፤ እሱን አለመናገር የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆናል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የዚያን ጊዜው ጭንቀት እውነተኛ ነበር። ምርመራው ገና እየተጀመረ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎችና ትምህርት ቤቶች ወደ ለይቶ ማቆያ ተቀይረዋል። ከሳውዲ ብቻ ሳይሆን ከጅቡቲ፣ ከሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኬንያ በየብስ የሚመለሱ ነበሩ። በዚህ ሁኔታ «ቀስ በሉ፤ ሳንዘጋጅ አታራግፉብን» ማለት ጥፋት አይደለም።

ጥፋቱ ዓረፍተ ነገሩን እዚያ ላይ ማቋረጥ ነው። «አትላኩ» ያለ መንግሥት ቀጥሎ «እስክንቀበላቸው ድረስ አትሰሯቸው» ማለት አለበት። በአደባባይ በጉልህ የተሰማው የመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ በዚያው ልክ አልተሰማም። ውጤቱም ይህ ሆነ፦ ሳሪዋ አገር «አገራቸው አልቀበል ስላለ ነው» አለች፤ የላከችው አገር «አቅም እስክንፈጥር ነው» አለች፤ ሁለቱም እውነት ተናገሩ። በሁለቱ እውነቶች መካከል ሰው በሰበሰ።

የዚህን ስፋት ባለሥልጣናቱ አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት ፅዮን ተክሉ በወቅቱ ለኤኤፍፒ ዜና ወኪል ሲናገሩ፣ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ በሳውዲ እስር ቤቶች እስከ 16,000 የሚደርሱ ኢትዮጵያውያን እንደነበሩና ቁጥሩ እንደቀነሰ ገልጸዋል። 16,000 ሰው ማለት የአንዲት አነስተኛ የወረዳ ከተማ ሕዝብ ነው። አንዲት የወረዳ ከተማ በሙሉ ከአገር ውጭ ታስራለች ቢባል ጉዳዩ የምክር ቤት ልዩ ስብሰባ አይጠራበትም ነበርን?

ዝምታው ምክንያት አለው። ከባሕረ ሰላጤው የሚላከው ገንዘብ አለ፤ የሥራ ስምሪቱ አለ፤ ከሪያድ ጋር ያለው ወዳጅነት አለ። ድሃ አገር ከሀብታም ጋር ሲነጋገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህን የማይረዳ የለም። ነገር ግን ዜጋ ፓስፖርት የሚይዘው በደህናው ቀን ለመሳፈሪያ ብቻ አይደለም። በክፉ ቀን የማይናገርለት ሰነድ ምን ይሠራለታል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለው ተረት ለኤምባሲ እንዳይውል መፍራት ይገባል።

መዘግየቱም ዋጋ አስከፍሏል። በየመን በኩል የቀሩት ሌላ እጣ ጠበቃቸው። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰንዓ የኢሚግሬሽን ማቆያ ውስጥ መጨናነቁን በመቃወም የምግብ አድማ ላይ የነበሩ ስደተኞች በአንድ መጋዘን ተዘግቶባቸው፣ የሁቲ ጠባቂዎች በወረወሩት ነገር እሳት ተነስቶ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተቃጠሉ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እሳቱን ያስነሳው ቫይረስ አይደለም። ነገር ግን ከዓመት በፊት «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተለመደው ማጨቅ፣ በር ዘግቶ ሰውን መርሳት፣ እዚያ መጋዘን ውስጥ ነበር። በሳውዲ በኩል ደግሞ ከ100,000 በላይ ዜጎችን የመመለሱ ሰፊ ዘመቻ የተጀመረው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ነው፤ ወረርሽኙ ከገባ ሁለት ዓመት ሞልቶት።

◆ ሳይመሽ የሚሠራ ሥራ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት በአራት ተግባር ሊጠቃለል ይችላል። አንዳቸውም ከአገሪቱ አቅም በላይ አይደሉም።

አንደኛ፣ የአደጋ ጊዜ አንቀጽ። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ነው። ስምምነቶቹ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ኤጀንሲ ይናገራሉ። አንድ አንቀጽ ይጨመርባቸው፤ በወረርሽኝ ወይም በጦርነት ምክንያት መመለስ ለተወሰነ ጊዜ ካልተቻለ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ጥፋት ብቻ የተያዘ ኢትዮጵያዊ በጊዜያዊ ወረቀት ይለቀቅ ወይም ክፍት መጠለያ ይግባ የሚል። አንቀጹ ከአሠሪ ጠፍታ «ሁሩብ» የተመዘገበባትንም፣ በእግሩ የገባውንም ካልጨመረ ዋጋ የለውም። ጂዛን የሚሞላው በእነሱ ነውና።

ሁለተኛ፣ የስም ዝርዝር። ኤምባሲውና ቆንስላው በየትኛው ማቆያ ስንት ዜጋ እንዳለ፣ ከእነሱ ውስጥ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የስኳር ወይም የሳንባ ሕመምተኛ ማን እንደሆነ በየጊዜው የሚታደስ መዝገብ ይኑራቸው። አደጋ ሲመጣ «ስንት ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ከጀመሩ ዘግይተዋል። ቤተሰብ የልጁን በሕይወት መኖር በፌስቡክ ፎቶ ማረጋገጥ የለበትም።

ሦስተኛ፣ የመቀበያ አቅም። በ2012 ዓ.ም. የተቋቋሙት ለይቶ ማቆያዎች ተማሪዎች ሲመለሱ ፈረሱ። ቢያንስ በቦሌ፣ በመተማ፣ በገላፊ፣ በደወሌ፣ በቶጎ ውጫሌና በሞያሌ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊከፈት የሚችል ዝግጁ ቦታና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። «አቅም የለንም» የሚለው መልስ አንድ ጊዜ ምክንያት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ከተባለ ውሳኔ ነው።

አራተኛ፣ ግልጽነት። መንግሥት በውጭ ማቆያዎች ያሉ ዜጎችን ቁጥር ለምክር ቤቱ በየዓመቱ ያቅርብ። ቁጥሩ በአደባባይ ሲነገር አስተናጋጇ አገርም ትጠነቀቃለች፤ የራስ ባለሥልጣንም ይጠየቃል። በምስጢር የተያዘ ዲፕሎማሲ ሰው ካስፈታ መልካም ነው። ካላስፈታ ግን ምስጢሩ የሚሸፍነው ታሳሪውን ሳይሆን ባለሥልጣኑን ነው።

እነዚህ አራቱ ስደትን አያስቀሩም። ደላላን አይዙም፣ የሥራ አጡን ቁጥር አይቀንሱም። የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲገባ፣ በረራም ሲቆም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚገኘውን የሰው ቁጥር ይቀንሳሉ። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ በአንድ ክፍል ያለው የሰው ቁጥር ማለት የሟች ቁጥር ማለት ነው።

እስር ሁልጊዜ ምክንያት ይፈልጋል። የሌባ እስር ምክንያቱ ስርቆቱ ነው፤ ፍርዱን ሲጨርስ ይወጣል። የስደተኛ እስር ምክንያቱ ጉዞው ነው። ጉዞው ሲጠፋ ግን ምክንያት የሌለው እስር ይቀራል። ይህን ጥያቄ ሪያድ፣ ሰንዓና አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. ሳይመልሱት አልፈውታል። ሌላ ወረርሽኝ እስኪጠይቃቸው ድረስ መጠበቅ የለባቸውም።